አሥራ ሰባት ቁጥርን የመረግኩበት ጳጉሜ

ሰውየው ቀለሙን ከመቀባቱ በፊት "ልብሱን አንሺልኝ" አለኝ። የልጆቼን ልብስ አጥቤ በግድግዳው ልክ በተወጠረው ገመድ ላይ አስጥቼ ነበር። እርጥቡን ልብስ ሰብስቤ ደረቴ ላይ አቅፌ ቆምኩ። ውሃው በቀሚሴ ውስጥ እስከ ሆዴ ወረደ። እሱ ብሩሹን ከጣሳው ነክሮ ከመስኮቴ በስተግራ በቀይ ቀለም ክብ ሠራ፤ በክቡ ውስጥ አሥራ ስድስት ብሎ ጻፈ። ሲጨርስ ልብሱን መልሼ እንድሰቅል በእጁ አሳየኝ። እኔም "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት።

ምን ስለ ሰጠኝ እንዳመሰገንኩት ዛሬም አላውቅም። ስፈራ አመሰግናለሁ፤ ጸባዬ ነው።

ቀይ ቀለምን አውቀዋለሁ። በዚያን ጊዜ ከኮልፌ በላይ ካለው የባሕር ዛፍ ደን ቅጠልና ጭራሮ ለቅሜ፣ በጀርባዬ አውርጄ፣ ሸጬ ነበር የምኖረው። ባለቤቴ ወደ ሰሜን ዘምቶ በዓመት አንድ ደብዳቤ ቢመጣ ነው። ደኑ ውስጥ ጥበቃዎቹ ሊቆረጥ የተፈለገውን ዛፍ ቅርፊቱን ልጠው ቀይ ይቀቡታል። ዛሬ ቀይ ያየሁበትን ዛፍ በሳምንቱ ስመለስ ጉቶውን ነው የማገኘው። ያልተቀባው እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ቁጥር ለይቼ፣ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ፤ ያን ቀን ግን ግድግዳዬን ያነበብኩት ደኑ ባስተማረኝ ነው። ቤቴ ሊቆረጥ ነው። ሦስት ልጆቼን ይዤ የት ልገባ ነው?

መንገዳችን ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ቀራንዮ በኩል የሚወርድ ጠባብ ኮረኮንች ነበር። ሁለት የተጫኑ አህዮች ፊት ለፊት ከተገናኙ አንዷ የግድ ሰው በረንዳ ላይ ትወጣለች። ከላይ ወፍጮ ቤቱ አለ፤ ጠዋት እሱ ሲነሳ ነው እኛም የምንነሳው፣ ሰዓት ያለው ሰው አልነበረም። ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ ሉካንዳ፣ ከዚያ የልብስ ሰፊው ቤት፣ ከዚያ የኔ፣ ከኔ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘው ደግሞ የእማማ ቤት። ቤቶቹ ሁሉ ጭቃ ናቸው፤ ጣራቸው ዝጎ ቡናማ ሆኗል። ዝናብ ሲዘንብ ከአንዱ ጣራ የወረደው ውሃ በሌላው በር ይገባና በዚሁ ሰበብ ክረምቱን ሙሉ እንጨቃጨቃለን። ሲመሽ ጭቅጭቁን ረስተን እሳት እንዋዋሳለን።

ቀያሾቹ ቁጥር ጽፈው የሄዱ ቀን መንገዱ በሙሉ ደጅ ወጣ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ አስፋልት ሊገባ ነው፣ ማዶ ደግሞ የስብሰባ አዳራሽና የኅብረት ሱቅ ሊሠራ ነው ይባላል። ስለ እኛ ግን ቁርጡን የሚያውቅ አልነበረም።

ልብስ ሰፊው በረንዳው ላይ መኪናውን እየረገጠ ይስቃል። ከደቡብ ምዕራብ የመጣ፣ ከሁላችንም በፊት እዚያ ሠፈር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። "የፋሲካ በግ መሰልን እኮ! ገዢው ከገበያ ሲወስደው ወገቡን የሚቀባው እንዲህ አርጎ ነው" አለ።

ባለ ሉካንዳው "አንተን የሚገዛ ከተገኘ እኔ ራሴ እጎትትለታለሁ" አለው።

ሰው ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

እማማ ከእነሱ ጋር አልሳቁም፣ አልፈሩምም። ከጎጃም በወጣትነታቸው የመጡ፣ ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ፣ ልጅ ያልወለዱ አሮጊት ናቸው። የሞቱት ባላቸው አናጢ ነበሩ፤ መንገዱ ላይ የመጀመሪያውን ቤት የሠሩት እሳቸው ናቸው ይባላል። በራቸው ከዝግባ ጣውላ የተሠራ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ከባድ ነበር። የኛ የሌሎቻችን በር ቆርቆሮና ሳንቃ ነው። ዓይናቸው ስለ ፈዘዘ እንዝርታቸውን በጣታቸው ዳበሳ ነው የሚያውቁት። እኔ ጫካ ስውል ልጆቼን የሚያዩልኝ እሳቸው ነበሩ።

ጳጉሜ ገባ። በኛ ሠፈር ለዘመን መለወጫ ግድግዳውን የማይመርግ የለም። ክረምቱ ያጠበውን ጭቃ መልሰን ካልለበጥን እንቁጣጣሽ የገባ አይመስለንም። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተን ሁለት ሦስት ቀን እናሰነብተዋለን፤ ሲሸት ነው የሚደርሰው። እኔም እንደ ሰዉ ጉድጓድ ቆፍሬ አቦካሁ። ሳቦካ ሐሳቡ መጣልኝ። ሌላው ቁጥሩን እየዘለለ ይመርጋል፤ እኔ ብሸፍነው ሳታውቅ ነው ይሉኛል እንጂ ማንም አይጠረጥረኝም፤ ጊዜው የመምረጊያ ነው። ቁጥሩን ከሸፈንኩት ቤቴ ያልተቀባው ዛፍ ይሆናል፤ ቀሪዎቹን አፍርሰው ይሄዳሉ፣ እኛ እንቀራለን።

ይህንን ለራሴ ብቻ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ባልኖረኝ።

"እማማ፣ የእርስዎንም ግድግዳ ልምረግልዎት" አልኳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ሌላ ዓመት አንድ ቀን ለምኜሽ በሦስተኛው ነው የምትመጪው። ዘንድሮ ምን ተገኘ?"

"ምንም። ለአውዳመት ነው።"

"ዓይኔ ነው የፈዘዘው፤ ሌላው አልፈዘዘም። ቁጥሩን ልትሸፍኚ ነው።"

ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ ነገርኳቸው። ቀይ የተቀባ ይቆረጣል፣ ያልተቀባ ይቀራል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው አልኳቸው።

"ቤትና ዛፍ አንድ ነው እንዴ?" አሉኝ። "ሰዎቹ ጻፉ እንጂ እናፈርሳለን መቼ አሉ? እስቲ መጀመሪያ እንጠይቅ። እኔ ሄጄ ልጠይቅ፤ አሮጊትን ማን ምን ይላታል፣ ማንስ ይቆጣታል?"

ቀበሌ ሄዶ መጠየቅ የሚባል ነገር እሸሽ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በዚያ በቀውጢው ጊዜ ለጥያቄ ተፈልገሃል ተብሎ ሄዶ አልተመለሰም። እናም እማማን ዝም ለማሰኘት ያን ቃል ተናገርኩ።

"እማማ፣ እርስዎ ማንበብ አይችሉም። እኔ እችላለሁ።"

እንዝርቱ እጃቸው ላይ ቆመ። ሦስት ልጆቼን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ እኔ በወራት ትምህርት አፋቸውን ዘጋሁት። ቁጥሩን አነበብኩ እንጂ ምን ማለት እንደሆነ መች አውቄ!

"ካወቅሽስ አንቺ ታውቂያለሽ። መርጊው" አሉ።

የእሳቸውን አስቀደምኩ። አጠገቤ ወንበር አውጥተው ስለ ተቀመጡ፣ ደግሞም ባለ ውለታዬ ስለሆኑ፣ አሳምሬ ሠራሁት። ከመሬት እስከ ጣራው ሥር፣ ድንጋይ ላይ ቆሜ በተንጠራራሁበት ልክ፣ በእጄ መዳፍ እየደፈጠጥኩ በጣቶቼ እየጎተትኩ ለቀለቅኩት። አሥራ ሰባት ቁጥር ከሥር ገብታ ጠፋች። ወደ ራሴ ግድግዳ ስዞር ጭዱ አልቆ ነበር። በቀረው ቀጭን ጭቃ ላይ አመድና ውሃ ጨምሬ ቀባባሁት። ቀዩ እስካልታየ ድረስ ምን ቸገረኝ ብዬ ነው።

ልብስ ሰፊው በረንዳው ላይ ሆኖ ያየኛል። "አሥራ ሰባት ታመመች እንዴ? ፋሻ ጠቀለልሽላት!"

"ለአውዳመት ነው ጋሼ።"

"እንዴታ! ለአውዳመት ነው እንጂ" አለና ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ መርፌውም ተመለሰ።

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ክረምቱ የረሳውን ሁሉ አውጥቶ የደፋው ይመስል ነበር። ሲያባራ ወጣሁ። የእማማ ግድግዳ ጠብታ እንዳልነካው ቆሟል። የኔ ቀጭን ጭቃ ግን ታጥቦ ወርዶ እግሬ ሥር ኩሬ ሠርቷል፤ አሥራ ስድስት ከነክቧ፣ ከቀድሞው ደምቃ፣ ፊት ለፊቴ። በዚያ ጭቃ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለእማማ አሳምሬ ሠርቼ ለራሴ መሰሰቴ ነው ያስለቀሰኝ። አዎ፣ ያን ጊዜ የቆጨኝ እሱ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ቀያሹንና አንዲት ጸሐፊ ይዞ መጣ። ግድግዳዬ ላይ ቁጥሩን የጻፈው ያው ቀያሽ ነው። ሊቀመንበሩ ከልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ቆሞ ለተሰበሰብነው ሰው ተናገረ። ከወፍጮ ቤቱ በታች በዚህ በኩል ያለው ቤት አንድም ሳይቀር ይነሳል፤ ቁጥር የተጻፈበት ቤት ባለቤት ግን ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ዝቅ ብሎ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል፤ ቆርቆሮውንም እንጨቱንም በሩንም ይዞ ይሄዳል አለ። ቁጥሩ የምትኩ ነበር።

የእማማን ግድግዳ እንዳላይ መሬት መሬት አየሁ።

"አሥራ አምስት!" አለ ቀያሹ። ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ተቀበለ። "አሥራ ስድስት!" ግድግዳዬን አየና "ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው የተዥጎረጎረችው?" አለ።

"ዝናብ ነው ጓድ" አልኩ።

ስሜን፣ የባለቤቴን ስም፣ የልጆቼን ቁጥር ተናገርኩ። ጸሐፊዋ ጻፈች፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጠች። አንብቤዋለሁ። ምትክ ቦታ ይላል።

"አሥራ ሰባት! አሥራ ሰባት የታለች?"

ቀያሹ ወደ እማማ ግድግዳ ተጠጋ። "እዚህ ነበረች፤ በእጄ ነው የጻፍኳት" አለና በቁልፍ ጫፍ ጫረው። ጭቃው ጥሩ አድርጎ ደርቆ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ጫረ። ከሥሩ ቀይ ብቅ አለ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ አየ።

"ይህን ማነው የመረገው?"

እማማ እንዝርታቸውን እንደያዙ ከዝግባው በር ወጡ። "እኔ ነኝ" አሉ።

"እርስዎ ራስዎ?"

"ለዘመን መለወጫ ያልተመረገ ቤት የት አለና ነው ልጄ?"

ሊቀመንበሩ እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ከእጁ በላይ፣ ጣራው ሥር፣ የአራት ጣቶቼ መስመር በደረቀው ጭቃ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። "እማማ፣ እኔ እንኳ አልደርስበትም። በምን ወጥተው ነው?"

"በበርጩማ።"

ባለ ሉካንዳው "እማማ ሰማይ ቤትም በበርጩማ ነው የሚገቡት!" ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም።

"የመንግሥትን ምልክት ማጥፋት አሻጥር ነው" አለ። "ይህን ያደረገ ሌላ ሰው አለ፤ ሴትዮዋ እየደበቁት ነው። ያ ሰው ቀበሌ መጥቶ ጥፋቱን እስኪያምን ድረስ የአሥራ ሰባት ምትክ ታግዷል። ጻፊው።"

ጸሐፊዋ ጻፈችው።

እዚያ ቆሜ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት መሄድ ነበር የሚያስፈልገው። ጥፍሮቼ ሥር ያ ጭቃ ገና አልለቀቀም፤ እጄን ከነወረቀቱ በነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩ። ወንድሜ ዓይኔ ላይ መጣ። ልጆቼ መጡ። እነሱ መጡልኝ እላለሁ እንጂ ለሰበብ የጠራኋቸው እኔው ነኝ። ልብስ ሰፊው አንዴ አየኝና መርፌው ላይ አቀረቀረ። ሰዎቹ ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።

እማማ አጠገቤ መጥተው "ልጆቹ ቁርስ በልተዋል?" አሉኝ።

ጥቅምት ሲገባ ማፍረስ ሆነ። ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ የራሱን ጣራ አወረደ፤ ምስማሩን እየነቀልን በድንጋይ እናቃና ነበር። ጣራ ሲወርድ ቤት ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። የሰዉ ሁሉ የውስጥ ግድግዳ ለፀሐይ ተሰጣ። የአንዱ ቤት ሰማያዊ ቀለም፣ የአንዱ ጋዜጣ የተለጠፈበት፣ የአንዱ ጥላሸት። የኔ ግድግዳ ላይ በከሰል ፊደል የተለማመድኩበት ቦታ ነበር፤ ከ"ሀ" እስከ "ፐ" የተጣመሙ ፊደሎቼን መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየ። ተማርኩ ያልኩበት ግድግዳ። ዶዘሩ በአንድ ግፊት አስተኛው። የሁላችን አይጥ ወጥቶ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲሮጥ ልጆች እየጮሁ ተከተሉት።

እማማ ወደ ባላቸው የእህት ልጅ ቤት፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ካለ መጠጥ ቤት ጀርባ ሊጠጉ ነው። ዕቃቸውን በሁለት ጆንያ ስንከት በሩን ከማጠፊያው እንዳወርደው ነገሩኝ።

"ውሰጂው" አሉ።

"እማማ..."

"የልጅቷ ቤት በር አለው። እኔ በር ተሸክሜ ሰው ቤት ልገባ ነው? ቀራንዮ በኩል ንፋሱ ክፉ ነው፤ ለልጆቹ ይሁን።"

ወሰድኩት። ለይሉኝታ ያህል እንኳ እምቢ አላልኩም።

አዲሱ ቦታ ገና ሣር ነበር። ከመንገዳችን የተነሳነው ተጋግዘን ምሰሶ ተከልን፣ ጣራ አለበስን፣ ጭቃ አቦካን። ቤቴ ከቀድሞው ሰፋ ያለ ሆነ፤ ለዚያ ደሳሳ ቤት የዝግባ በር ገጠምኩለት። በሩ ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ እማማ ቤት የሚያሰማው ራሱ ነው። ጠዋት እንጨት ለቀማ ስወጣ እሰማዋለሁ፣ ማታ ስገባ እሰማዋለሁ። ልጆቼ ደግሞ ስም አወጡለት። ብርድ ሲገባ ትልቋ ልጄ "የእማማን በር ዝጉት!" ትላለች። ምንም አታውቅም፤ እንዲሁ ነው የምትለው። እኔ በሰማሁ ቁጥር ያ እርጥብ ልብስ ደረቴ ላይ ያለ ይመስለኛል።

በየሳምንቱ እሄዳለሁ እል ነበር። ዛሬ እናገራለሁ፣ ከገና በኋላ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ጾሙ ይውጣና። ከነጭራሹ እማማንም መጠየቅ ተውኩ፤ ፊታቸውን ማየት ስለ ከበደኝ። ልብስ ሰፊው አንድ ቀን ውሃ ቦኖው ጋ አገኘኝና "አሮጊቷ እንዴት ናቸው?" አለኝ። "ደኅና ናቸው" አልኩት። አላውቅም ነበር።

"ሄደሽ አይተሻቸዋል?"

"እሄዳለሁ።"

"እኔ ሄጄ ነበር" አለ። ጀሪካኑን አነሳ። በዚያ ቀን ቀልድ አልነበረውም።

በግንቦት አንድ ቀን እንጨቴን ማዞሪያው ጋ ሸጬ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። መጠጥ ቤቱ በጠራራ ፀሐይ ሙዚቃ ከፍቷል። በጓሮ በኩል ገባሁ። እማማ በጓዳውና በመጠጥ ቤቱ መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ዕቃ የሚያመላልሱት ልጆች የቢራ ሣጥን ይዘው በላያቸው ይራመዳሉ። እንዝርታቸው አለ፤ ጥጥ አልነበረም። ድምፄን ሲሰሙ እጄን ፈለጉና ያዙ፤ ወዲያው አንዷን አሳላፊ ጠርተው "ጎረቤቴ ናት፤ ግድግዳችን አንድ ነው" አሏት። ሻይ ካላመጣሽላት ብለው ተቆጧት።

ሻዩን ጠጣሁ። አልተናገርኩም። እዚያ ተቀምጬ እንኳ አልተናገርኩም።

ስመለስ በድሮው መንገዳችን ወረድኩ። ከፈረሰ ጀምሮ አልረገጥኩትም ነበር። አስፋልቱ ገብቷል፤ ሰፊ፣ ጥቁር፣ ዳርና ዳሩ በሲሚንቶ የተሠራ ቦይ አለው። ማዶ አዳራሹ ቆሟል፤ ኅብረት ሱቁ ፊት ሰው ተሰልፏል። ቤቴ የት እንደነበረ ፈልጌ አጣሁት። ወፍጮ ቤቱ ብቻ በላይኛው ጫፍ ስለ ተረፈ ከእሱ ጀምሬ እርምጃ ቆጠርኩ፤ ሉካንዳ፣ ልብስ ሰፊ፣ እኔ። ከዚያ አንድ እርምጃ ብጨምር እማማ ቤት ነው። እዚያ ስደርስ መኪና ከኋላዬ ጡሩምባ ነፋብኝ። "ዕብድ ነሽ እንዴ? መሐል አስፋልት ላይ!" ብሎ ሾፌሩ ሰደበኝ። ወደ ዳር ወጣሁ፤ አመሰገንኩት ደግሞ።

ቆሜ አሰብኩ። ያቺን አንዲት እርምጃ በመስከረም አቅቷት የቆመችው ሴት እዚሁ ቦታ ላይ ናት። ቤቱ ሄዷል፤ እሷ ግን አልሄደችም።

በሚቀጥለው እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ከመሄዴ በፊት ሁለት ቀሚስ ደራርቤ ለበስኩ፤ ካሠሩኝ ሲሚንቶው እንዳይበርደኝ ነው። ለትልቋ ልጄ ዱቄቱ የት እንዳለ አሳየኋት። በሕይወቴ የመጀመሪያ የሆነውን ደብዳቤም ጻፍኩ። "ካልመጣሁ ልብስ ሰፊው ጋ ሂዱ። በሩ የእማማ ነው።" ይኸው ነው። አጣጥፌ ትራሷ ሥር ከተትኩት።

በአዲሱ አዳራሽ ሒስና ግለ ሒስ የሚባል ነበር፤ ሰው እየተነሳ ጥፋቱን ይናገራል። አንዱ በጥበቃ ተራው መተኛቱን ተናገረ፣ አንዱ ከዘመቻ ሥራ መቅረቱን። ዝም ሲባል እጄን አነሳሁ። ሁለቱ ቀሚስ በላብ ተጣብቆብኛል።

"አሥራ ሰባትን የመረግኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ሊቀመንበሩ ቀና አለ። "የምን አሥራ ሰባት?"

ረስቶታል። እኔ በእሱ ፍርሃት በር በከፈትኩ ቁጥር ስሞት፣ እማማ በመተላለፊያ ላይ ሲያድሩ፣ ሰውየው ረስቶታል።

ልብስ ሰፊው ከኋላ ሆኖ "የአሮጊቷ ቤት ነው ጓድ፤ በበርጩማ ያሉት" አለ።

ጸሐፊዋ ፋይሉን አገላበጠችና አገኘችው። ሊቀመንበሩ አነበበው። "ይኼ እኮ የመስከረም ነው። እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?"

"ፈርቼ ነው ጓድ።"

"ማንን?"

"እርስዎን።"

ሰው ሳቀ። እሱ ግን እንደ ማፈር አለ፤ ወይም እኔ ያፈረ መሰለኝ። ለምን እንደሸፈንኩ ጠየቀኝና የዛፉን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። አንገቱን ነቅንቆ "እና ለዚህ ብለሽ አሮጊት ሴት አንከራተትሽ?" አለኝ። ለአሥራ አምስት ቀን አዳራሹን እንድጠርግ ተወሰነብኝ። የአሥራ ሰባት እግድ ይነሳ ተባለ። ጸሐፊዋ የአሥራ ሰባትን የምትክ ወረቀት አውጥታ ማኅተም መታችበት።

ያን ሁሉ ወር የሸሸሁት መጥረጊያ ነበር። በመስከረም ብናገር ይከፋብኝ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ይከፋ ነበር እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። ሰውየው ያን ቀን የጠየቀው ማነው የመረገው ብሎ ብቻ ነበር፤ መልሱም አንድ ቃል ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ከነሁለት ቀሚሴ ወደ ማዞሪያው ሮጥኩ። እማማ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። ማኅተሙን በጣታቸው ዳበሱ።

"አንብቢልኝ" አሉ።

አነበብኩላቸው። ድምፄ ተቆራረጠ። ስጨርስ ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ቆየሽ" አሉ።

ሌላ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቦታቸው ከኔ ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ ደረሳቸው። የድሮው መንገዳችን ሰው ሁሉ ወጥቶ ሠራላቸው፤ ባለ ሉካንዳው ሳይቀር ምሰሶ ተሸከመ። ግድግዳውን እኔ መረግኩ። ጭዱን አልሰሰትኩም። ወንበር አውጥተው ተቀመጡና "ከፍ አድርገሽ መርጊው፤ የቀረውን እኔ በበርጩማ እጨርሰዋለሁ" አሉ። ልብስ ሰፊው ሳቁን መያዝ አቅቶት ጭቃው ላይ ተቀመጠ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ቤቱ ባለቀ ቀን የዝግባውን በር ከማጠፊያው አወረድኩ። እንደ እንጨት ሸክሜ በጀርባዬ በገመድ አሥሬ ወሰድኩላቸው።

"ለልጆቹስ?" አሉኝ።

"ጆንያ ሰፍቼ ሰቅያለሁ እማማ።"

በእጃቸው ጣውላውን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። እምቢ አላሉኝም። "አቁሚው" አሉ።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ቤቴ ገባሁ። ጆንያው በንፋስ ይንቀሳቀሳል፤ ልጆቼ ከኋላው ሆነው ይሳሳቃሉ። በትልቋ ልጄ ትራስ ሥር የነበረውን ደብዳቤ አውጥቼ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ከታች የእማማ በር ሲዘጋ ተሰማኝ። የአዳራሹን ጠረጋ ጨርሻለሁ፤ ማንም ሊጠይቀኝ የሚመጣ የለም። እፍረቱ አልለቀቀኝም፤ ፍርሃቱ ግን ሄዷል። በር በሌለው ቤቴ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ እኔም ልጆቼም ድነናል።